የዳቦው ጫፍ

ጥቅምት 4

ተራ ቀን። ጠዋት ዝናብ፣ ሥራ ቦታ ሙቀት፣ ማታ የእግር ሕመም። ላውንደሪ ውስጥ ቀይ ወይን የተደፋበት የሙሽራ ቀሚስ መጥቶ ነበር። እድፍ ማስለቀቅ የኔ ድርሻ ነው፤ እንደምንም አስለቀቅኩት። ልብስ የምትተኩሰው ባልደረባዬ “ትዳሩስ ይለቃል?” አለች። እንፋሎት ነው የምንላት፤ ከካውያው እኩል ትጨሳለች።

አባዬ ቁርሱን ሙልጭ አድርጎ በልቷል። ሳህኑ ላይ ፍርፋሪ እንኳ የለም። ዘዴዬ ሠራ ማለት ነው!

ሆስፒታል ሳለ ነርሶቹ ፊት ክኒኑን እንደ ጨዋ ልጅ ይውጥ ነበር። ቤት ሲገባ “ክኒን ለበሽተኛ ነው” ብሎ ድርቅ። ደም እንዳይረጋ ነው፣ ደም የሚያቀጥን ነው ብዬ ባስረዳው “ሰባ ዓመት ያወፈርኩትን ደም አሁን አላቀጥነውም” አለኝ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አለቀስኩበት... ወይ ፍንክች። ታዲያ ምን ላድርግ? ለውሻችን ለባሻ የትል መድኃኒት የምሰጥበትን ዘዴ ለአባዬ አዋልኩት። የዳቦውን ጫፍ፣ ወፍራሙን፣ አባዬ ከሁሉ አስበልጦ የሚወደውን፣ በቢላ ስንጥቅ አድርጌ ክኒኗን መሃሉ እወሽቃታለሁ። በላዩ ማር። የሸሚዝ አዝራር እንኳ አታክልም። ጠረጴዛ ላይ ትቼለት ወደ ሥራ እወጣለሁ።

አባትን ማታለል ደስ አይልም። ግን ያ ቀን ከዓይኔ አልጠፋም... አፉ ወደ ጎን ዞሮ፣ ስሜን መጥራት አቅቶት። “ትንሽ ስትሮክ ናት” አሉን። ትንሽ! ሁለተኛው ትልቅ ሊሆን ይችላልም አሉ። ያ ቀን ተመልሶ ከሚመጣ ባታልለው ይሻላል።

ባሻ ዛሬ አስታወከ። ብርቅ አይደለም። እናቴ ከመንገድ አንስታ ካመጣችው ጀምሮ ሆዱ ስስ ነው፤ ወተት ያጣላዋል፣ ቅባት ያጣላዋል። “ሆደ ባሻ” ትለው ነበር፤ እያጠረ ባሻ ሆኖ ቀረ። አባዬ እንደ ሹመት ነው የሚጠራው። “ባሻ፣ ወጣ ብለን ሕዝቡን እንጎብኝ?” ይለዋል። ካፖርቱን ይደርባል፣ ተያይዘው ይወጣሉ።

ጥቅምት 6

ባሻ እንደገና አስታወከ። ያውም ምንጣፉ ላይ። ሩዙን አሽትቶ ተወው።

አባዬ “ሞተሩ ደህና ነው፤ ነዳጁ ነው የከፋው” ይላል። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ የነዳ ሰው ሌላ ምን ይላል። ሳቅኩ። ግን ውሻው አላየኝም... ስሙን ጠርቼ ስገባ ጭራውን የሚቆላው ውሻ ዛሬ ዓይኑን ብቻ ገለጥ አድርጎ ከደነ። ደስ አላለኝም።

ጥቅምት 7

እንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ሐኪሟ ሆዱን ስትነካው አቃሰተ። የሆድ ማስታገሻ ሰጠችን። “ቅቅል ሩዝ፣ ቅቅል ዶሮ፤ ጨው የለ፣ ቅባት የለ። ከገበታ ግን አንዳች እንዳይሰጠው” አለች።

እሷ ፊት አባዬን አየሁት። ገባው። ቀኝ እጁን አንስቶ ማለ። “ከገበታ አንዲት ፍርፋሪ ብሰጠው ይህች እጄ መሪ አትጨብጥ!”

ከማለ ማለ ነው። አባዬ በእጁ ምሎ አያውቅም። ትንሽ ቀለል አለኝ።

ጥቅምት 10፣ እሁድ

ቀኑን ሙሉ ቤት ነበርኩ። ባሻን ሳይ ዋልኩ። ጎኑ ከፍ ዝቅ ሲል እቆጥራለሁ፣ ይጠፋብኛል፣ እንደገና። የጎድን አጥንቱ ይታያል አሁን። ሰው ቢሞትስ የሚል ፍርሃት አውቃለሁ፤ ውሻ ቢሞትስ የሚል ፍርሃት እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር። እውነቱን ልጻፈው፤ ለባሻ ብቻ አይደለም የምፈራው። እናቴ ከሞተች ወዲህ አባዬ ጠዋት የሚነሳው ለዚህ ውሻ ነው። እሱ ባይኖር ለምን ይነሳል? ለእኔ? እኔ ቀኑን ሙሉ የለሁም።

አባዬ ቁርሱን እንደ ልማዱ በረንዳ ላይ ይዞ ወጣ፤ ሹፌር ጡረታ ቢወጣም መንገድ ሳያይ እህል አይወርድለትም። ከዚያ ባሻን እየጎተተ ወረደ። “ትንሽ አየር ይቅመስ” ብሎ።

ከእኛ በላይ ፎቅ የምትኖረው ሴትዮ ከመስኮቷ ወደ ግቢው አንድ ነገር ስትጥል አየሁ። ምንድን ነው የጣለችው? ባለፈው ባሻ ሲጮህባት “ይሄን ውሻ አንድ ቀን...” ብላ አልጨረሰችውም። አንድ ቀን ምን?

ጥቅምት 12

የባሻ መኝታ ላይ እድፍ አየሁ። ቡናማ። ጭቃ መሰለኝ። በቀዝቃዛ ውሃ ነካ ሳደርገው ወደ ሮዝ ፈካ።

 ይሄን እድፍ አውቀዋለሁ፤ በየቀኑ ነው የማየው። ያረጀ ደም ነው።

ሰገራውም ጠቁሯል፣ እንደ ሬንጅ። ለአባዬ አልነገርኩትም። ብነግረው ምን ይሆናል? ደም ግፊቱስ?

ጥቅምት 13

ከሥራ አስፈቅጄ ብቻዬን ወሰድኩት። ሐኪሟ ከንፈሩን ገልጣ ድዱን አሳየችኝ፤ ነጭ ነው፣ እንደ ወረቀት። ሆዱ ውስጥ ይደማል አለች።

“መርዝ በልቶ ይሆን? የአይጥ መርዝ?”

“እኛ ቤት የለም።”

“መድኃኒትስ? የሰው መድኃኒት ቤት ውስጥ አለ?”

“አለ፣ የአባቴ። ግን ተቆልፎበት ነው የሚቀመጠው።” ቁልፉን ከአንገቴ አውጥቼ አሳየኋት። እንዴት እንደኮራሁ!

“እንግዲህ ውጭ የሚያገኘው ነገር አለ” አለች። “ያልጠረጠረ ተመነጠረ። አካባቢያችሁን ተመልከቺ።”

ተመልክቻለሁ። የማን መስኮት እንደሆነም አውቃለሁ።

ጥቅምት 14

እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ወጣሁባት። በሩን ስትከፍትልኝ ሰላም እንኳ አላልኩም።

“ምንድን ነው ያበላሽው?”

“ማንን?”

“ውሻችንን!”

አየችኝ። ረጅም ሴት ናት፣ ልብስ ስፌት ታስተምራለች፤ ልክ እንደምትወስድ ሰው ከላይ እስከ ታች ነው የምታየው። “እህቴ፣ ለወፍ ፍርፋሪ እጥላለሁ። ለውሻ የምደግስበት ጊዜም ጉልበትም የለኝም” አለች። በሩን ልትዘጋ ስትል ደግሞ፦ “ይልቅ አባትሽን ጠብቂ። ትናንት ደረጃው ላይ ግድግዳ ይዘው ቆመው አየኋቸው። ስጠራቸው ቶሎ አልመለሱልኝም።”

ነገር ለማዞር ነው... ለማዞር ነው አይደል? ሌባ ሲያዝ ሌላ ሌባ ይጠቁማል።

ወርጄ አባዬን አየሁት። ደህና ነው። ሬዲዮ እየሰማ። ደረጃው ላይ ምን ሆነህ ነበር አልኩት። “ፍሬን ያዝኩ፤ ሰው ደክሞት አይቆምም?” አለ። ደግነቱ ክኒኑን እየወሰደ ነው። ያ ባይሆን ዛሬ እንቅልፍ አይኖረኝም ነበር።

ጥቅምት 15

ስኒ ከአባዬ እጅ ወደቀ። ከቀኝ እጁ። እንዲሁ... እያወራ እያለ፣ ጣቶቹ ለቀቁት። ስኒው ሲሰበር እሱ እጁን ነው ያየው። በጣም ፈርቶ ነበር። አባዬ ሲፈራ አይቼ አላውቅም።

“ምነው አባዬ?”

“ይሟልጫል። ሳሙናውን አላጠብሽውም።” እጁን ኪሱ ከተተ።

ስኒውን በደንብ ነው ያጠብኩት። ነገ ዶክተሩ ጋ ልደውል? ምን እለዋለሁ፣ ስኒ ሰበረ? ክኒኑን በየቀኑ እየዋጠ... አላውቅም። ፈሪ ለእናቱ ይላሉ። እናቴ የለችም፤ እኔ ለማን ነው የምፈራው?

ጥቅምት 18



ጠዋት ጫማዬን ሳስር አባዬ ጮኸ። ባሻ በሩ ሥር ወድቋል። ሊወጡ ነበር፤ አባዬ ካፖርቱን ለብሷል፣ ገመዱን ይዟል። ውሻው እግሩ ከዳው፣ ከዚያ አስታወከ፤ የዛሬው ደም መሆኑን ለማወቅ የእድፍ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። አባዬ ካፖርቱን አውልቆ ጠቀለለው። አቅፎት ታክሲ ውስጥ ገባ። መንገዱን ሙሉ “ባሻዬ፣ ደረስን፣ ፌርማታ ላይ ነን፣ ደረስን” ይለዋል። ሹፌሩ እንኳ ሬዲዮውን ዘጋ።

ሐኪሟ ተቀበለችን። ደም ሥሩ ውስጥ መርፌ ሰኩ። “እዚህ ይቆይ” አለች። “ምን እንደበላ ባውቅ ይቀለኝ ነበር። እየገመትኩ ነው የማክመው።”

ያለ ውሻ ተመለስን። አባዬ ባዶውን ገመድ ይዞ ደረጃውን ወጣ። ስንደርስ ገመዱን ሚስማሩ ላይ ሰቅሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ቁርሱን በልቶ ነበር ደግነቱ። ሳህኑ ባዶ ነው።

ጥቅምት 19

ከየት ልጀምር?

ካፖርቱን ለማጠብ ሥራ ቦታ ወሰድኩት። ደም ሙቅ ውሃ ከነካው ይጋገራል፤ ስለዚህ ቀዝቃዛ ውሃ ሞልቼ ልዘፈዝፈው ስል እንፋሎት ነጠቀችኝ።

“ኪሱ ተፈትሿል?”

“የአባቴ ነው። ምንም የለበትም።”

“የአባትሽም ኪስ ኪስ ነው።” ኪስ ሳይፈተሽ ልብስ ውሃ አይገባም፤ የቤቱ ሕግ ነው። እሷ ከሰው ኪስ ሰው ሠራሽ ጥርስ አውጥታ ታውቃለች። እጇን ከተተች። በናፕኪን የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ማር ጣቷ ላይ ተጣበቀ። “ወይ አባትሽ፣ ስንቅ ይዘዋል!” ብላ ሳቀች።

የዳቦ ጫፍ ነበር።

ለሁለት ከፈለችው። ነጯ ክኒን መሃል ላይ ቁጭ ብላለች።

እንፋሎት ምን እንዳለችኝ አልሰማሁም።  ሳህኑ... ንጹሁ ሳህን... በየቀኑ ንጹህ የነበረው ሳህን! የሚወደውን ነበር ለካ የሚሰጠው። በረንዳ ላይ ይዞት የሚወጣው፣ ኪሱ የሚከተው፣ ከእኔ ተደብቆ ውጭ ወስዶ... ደም የሚያቀጥን ክኒን፣ በየቀኑ፣ ለዚያች ለማትረባ ሆድ። በገዛ እጄ በማር ለውሼ። መርዝ ጣለች ያልኳት ሴት ደግሞ ለወፍ ፍርፋሪ ነበር የምትጥለው።

ለሐኪሟ ደወልኩ። የክኒኑን ስም ነገርኳት። “በቃ፣ አሁን የምሠራውን አውቃለሁ” ብላ ዘጋች።

ስልኩን ሳስቀምጥ ነው ሌላው የመጣብኝ። ባሻ የበላው... አባዬ ያልበላው ነው።

ስኒው። ደረጃው። ግድግዳው።

ቤት ደወልኩ። አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። አይነሳም። እንፋሎት ጋዋኔን ከላዬ ገፈፈችና ወደ በሩ ገፋችኝ። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ እግሬን መሬት የነካው አይመስለኝም። በሩ ክፍት ነው። “አባዬ!” አልጋው ባዶ። መታጠቢያ ቤት ባዶ። ገመዱ ሚስማሩ ላይ። በረንዳው... በረንዳው ላይ ቁልቁል ለማየት ድፍረት አጣሁ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የሄድኩት።

ከላይ ድምፅ ሰማሁ። የአባዬ ድምፅ።

የላይኛዋ ሴትዮ ቤት ነው። ሻይ ቀርቦለታል። በግራ እጁ ይዞ ይጠጣል። “ብቻቸውን ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቤቱ ጭር አለብኝ አሉኝ” አለችኝ፤ የዚያን ቀኑን ስድቤን የረሳች ይመስል። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ዳቦውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

“ምንድን ነው?” አለ አባዬ።

“ክኒንህ።”

“ማን ነው እዚህ የከተተው?”

“እኔ።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከሆስፒታል ከወጣህ ጀምሮ።”

ሴትዮዋ ቀስ ብላ ተነስታ ወጣች። ያውም ከገዛ ቤቷ።

አባዬ መጀመሪያ የደነገጠው ለራሱ አይደለም። “ባሻዬን...” አለ። “በእጄ... በገዛ እጄ...” ከዚያ እንደ ልጅ፦ “ከገበታ አልሰጠሁትም እኮ። ከኪስ ነው። ሩዝ ሩዝ ብቻ፣ ሲከሳ አንጀቴን በላው። ከሁሉ የሚጣፍጠውን ልተውለት ብዬ... ማር መድኃኒት ነው ይሉ የለ?” ቀኝ እጁን አገላብጦ አየው። “ስኒው ሲወድቅ መሐላዬ ነው የያዘኝ ብዬ ፈራሁ። ለዚያ ነው ያልነገርኩሽ።”

ለካ እሱም ሲፈራ ነበር የከረመው። አንድ ቤት ውስጥ፣ ሁለት ፈሪ፣ ተደባብቀን።

ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት ቀና ብሎ አየኝ።

“እንደ ውሻ?” አለኝ። “ክኒን በዳቦ የሚደበቀው ለውሻ ነው።”

 

ጥቅምት 20

ዶክተሩ መረመረው። እጁን አስጨበጠው፣ ፈገግ አስባለው፣ አስራመደው። “ማስጠንቀቂያ ነው የተሰጣቸው። ሳይቃጠል በቅጠል ደርሳችኋል” አለ። ክኒኑን አለመውሰዱን ስነግረው ከመነጽሩ በላይ አየኝ። ለምን እንዳልወሰደ ግን አባዬ ነው የመለሰለት። “ረስቼ ነው” አለ። አላጋለጠኝም።

ታክሲ ውስጥ አላናገረኝም። ቤትም።

ባሻ አለ። ገና አልዳነም፣ ግን አለ።

ጥቅምት 22

ዝምታ። ክኒኑን በወረቀቱ እንዳለ ከውሃ ጋር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ማታ ስመለስ እዚያው ነው። ዳቦውም እዚያው ነው። ዳቦ እንኳ ከእጄ አይበላም ማለት ነው?

ሌሊት እየተነሳሁ በሩ ላይ ጆሮዬን እለጥፋለሁ። ሲያንኮራፋ እግዜርን አመሰግናለሁ። ሲያቆም ነፍሴ ልትወጣ ትደርሳለች።

ለላይኛዋ ሴትዮ ይቅርታ ጠየቅኳት። “ይሁን፤ ዳቦ ሲተርፍሽ ለወፎቼ አምጪልኝ። ባዶውን ግን” አለች። የሚያስቅ አልነበረም፤ ሳቅኩ፣ ከዚያ ደረጃው ላይ አለቀስኩ።

ጥቅምት 24

ባሻ ቤት ገባ! ከስቷል፣ አንድ እግሩ ለመርፌው ተላጭቷል፣ ግን አባዬን ሲያይ ጭራውን ቆላ። ትንሽ ነው የቆላው። በቃኝ።

ሐኪሟ የሆድ ክኒን ሰጠችው። ለእኛም ስታስረዳ “ሥጋ ውስጥ ደብቃችሁ...” ስትል አባዬ ዞር ብሎ አየኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቤት ስንገባ ክኒኑን ከእጄ ወሰደ። ወለሉ ላይ ተቀመጠ፣ በዚያ ጉልበቱ። ክኒኑን መዳፉ ላይ አድርጎ ለውሻው አሳየው። “ባሻ፣ ይሄ ክኒን ነው። መራራ ነው። ለሆድህ ነው፤ ካልዋጥክ ትሞታለህ፣ እኔም ብቻዬን እቀራለሁ።” አፉን ከፍቶ ከተተለት፣ ጉሮሮውን አሻሸው። ባሻ ዋጠ።

ከዚያ ከቀናት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረኝ።

“እኔንም እንዲህ ንገሪኝ።”

ነግሬህ ነበር እኮ! ለምኜህ፣ አልቅሼብህ... ልል ነበር። ዋጥኩት። ውሃ ቀዳሁ። ፊቱ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ክኒኑን መዳፌ ላይ አደረግኩ።

“አባዬ፣ ይሄ ክኒን ነው። ደም እንዳይረጋ ነው። ካልዋጥክ ትሞታለህ” አልኩ።  እሱ የቀረውን ጠበቀ። “እኔም ብቻዬን እቀራለሁ” አልኩት።

ይሄንን ግን ነግሬው አላውቅም ነበር።

ዋጠ። አፉን በሰፊው ከፍቶ፣ ምላሱን አንስቶ አሳየኝ። ባሻ ሁለታችንንም ያየን ነበር።

ኅዳር 9

ተራ ቀን። ሥራ ቦታ ስድስት መጋረጃ፣ ሁሉም በአቧራ። እንፋሎት የአባዬን ካፖርት በነጻ ተኩሳ ሰጠችኝ። ደሙ ለቋል፤ ኪሱን ግን ሰፍታዋለች። “ሕግ ነው” አለች።

ባሻ ሩዙን ይጨርሳል። የጎድን አጥንቱ ተሸፈነ። አባዬ ክኒኑን ጠዋት ጠዋት እኔ ሳልወጣ፣ ፊት ለፊቴ ይውጣል። እጁ ስኒ ይይዛል። አሁንም ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይዘላል፤ ይሄ የሚተወኝ አይመስለኝም።

አንድ ነገር አለ። የዳቦውን ጫፍ ስሰጠው፣ ከመብላቱ በፊት ገልጦ ውስጡን ያያል። በየቀኑ። አይቆጣም፣ አይናገርም። ገልጦ አይቶ ይበላል። እኔም አላየሁም ብዬ ውሃ እቀዳለሁ።

ዛሬም ገለጠው። አየው። ማሩን ቀባ። ባሻ ከጠረጴዛው ሥር አንጋጦ ይጠብቃል። “አንተ አይሆንህም” አለው። ከዚያ ዳቦውን ወደ እኔ ገፋው።

“አንቺ ብዪው።”

“ምንም የለበትም አባዬ።”

“አውቃለሁ። ብዪው።”

ሊፈትነኝ ነው? ወይስ... አባዬ የዳቦ ጫፍ ለማን እንደሚሰጥ አውቃለሁ። አልጠየቅኩትም። ለሥራ ረፍዶብኝ ነበር፣ ቆሜ በላሁት። እሱ እስክጨርስ ሲያየኝ ቆየ።